ከድንኳኑ ውጪ የቆሙት ምስክሮች

ኦክላንድ፣ ኅዳር 8 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለቀኛዝማች ሀብተ ጊዮርጊስ
መሐል ሜዳ

የእርስዎን ጤንነትና የእማማ ትርፌን ጉልበት እየጠየቅሁ እጀምራለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ረስቼ አይደለም፤ የጠየቁኝን ባጭሩ መመለስ ስላቃተኝ ነው።

«የማን ልጅ ናት?» ብለዋል። ስሟ ቨርና ይባላል። ፍሩትቬል በሚባለው የኦክላንድ ሰፈር ልጆች ታስተምራለች። የተዋወቅነው እንዲህ ነው። ከበርክሌ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ የያዝኩበት አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከትምህርት ቤቷ አጠገብ ነው የሚሠራው። የመሰርሰሪያው ጩኸት አላስተምር ሲላት ከክፍሏ ወጥታ አጥሩን ተሻግራ መጣችና፣ ከሠራተኛው ሁሉ መካከል እኔን መርጣ ተቆጣችኝ። «ልጆቼ ንባብ እስኪጨርሱ ይህን ነገር አጥፋው» አለችኝ። አለቃዬን ለምኜ አስጠፋሁት። በማግስቱ ልታመሰግነኝ ተመለሰች። ትዳር ልንይዝ ከተስማማን ሦስት ወር ሆነን።

ሰባት ቤት ቁጠርልኝ ላሉኝ ግን ለጊዜው የምችለው አራት ብቻ ነው። አባቷ ሞተዋል። የአባቷ እናት ወይዘሮ ሰሊና በሕይወት አሉ፤ ሳን ሆዜ በምትባለው ከተማ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እስኪያረጁ ድረስ ፍራፍሬ በሚታሸግበት ፋብሪካ ሠርተዋል። የእሳቸው አባት ዌስሊ የሚባሉ ቾክቶ ነበሩ። ቾክቶዎች፣ ነጭ ከመምጣቱ በፊት በዚህ አገር ከነበሩት ሕንዶች ከሚባሉት ሕዝቦች አንዱ ናቸው። የራሳቸው ምድር፣ የራሳቸው ሸንጎና ዳኛ ነበራቸው።

ከሰባ ዓመት በፊት የአሜሪካ መንግሥት የቾክቶዎችን የጋራ መሬት ለየሰዉ ሊከፋፍል ሲነሣ ኮሚሽን ልኮ፣ «ቾክቶ ነኝ የሚል ቀርቦ ያመልክትና ይመዝገብ» አለ። የወይዘሮ ሰሊና እናት ልጃቸውን ይዘው ቀርበው ነበር። ማመልከቻውና የሰጡት ቃል ቴክሳስ ባለው ቤተ መዛግብት እንደሚገኝ ስለሰማን፣ ኮፒው እንዲላክልን እኔና ቨርና ጽፈናል። እሷ የጻፈችው ለአያቷ ብላ ነው። እኔ ደግሞ ለእርስዎ የሚበቃ መልስ አገኝበታለሁ ብዬ ነው። ሲደርስ ተርጉሜ እልካለሁ።

ሌላውን ሁሉ ያን ጊዜ እጽፋለሁ። እስከዚያው ስለ እሷ ክፉ እንዳያስቡብኝ እለምንዎታለሁ።

ታዛዥ ልጅዎ
ግርማቸው


መሐል ሜዳ፣ ጥር 14 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለልጄ ለግርማቸው

እኛ ደኅና ነን። የእናትህ ጉልበት እንደነበረ ነው።

ደብዳቤህ ሲመጣ እናትህ «ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሥራ በዝቶበታል» አልኳት። ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰው ውሸት ሳጣራ ኖሬ፣ ዛሬ በገዛ ቤቴ ውሸታም አደረግኸኝ።

ሕንድ ብለህ ስትጽፍ እዚህ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምሩትን ሕንዶች መስሎኝ ነበር። ምን ልበል፣ እነሱም ጨዋ ሰዎች ናቸው ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። በገና ሰሞን ግን የጎረቤታችን ልጅ ፍስሐ ከካሊፎርኒያ ተመልሶ ሊጠይቀኝ መጣ። ልጅቷ ጥቁር አሜሪካዊት መሆኗን፣ ወገኖቿም ተሸጠው የሄዱ ሰዎች መሆናቸውን እንግዳ በተቀመጠበት አጫወተኝ። ልጁ ክፋት የለውም፤ የማውቅ መስሎት ነው። እኔም የማውቅ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እንግዶቹ ሲሄዱ ለብቻዬ ቀርቼ እሳቱን ሳይ ቆየሁ።

አራት ቤት ቆጠርክልኝ። አራተኛው ላይ ግን ከሁለቱ ወላጆች አንዷን ዘልለሃል። የአሮጊቷን አባት ጻፍክ፤ እናቲቱን ግን «እናት» ብለህ ብቻ አለፍካት። ስም የላትም? ዳኛ ፊት የቀረበ ባለጉዳይ አንድ ስም ሲዘልል ለምን እንደዘለለ የማይገባኝ ይመስልሃል?

ስለዚህ አሁን የምጠይቅህ እንደ አባት ሳይሆን እንደ ዳኛ ነው። የአሮጊቷ እናት ማን ትባላለች? በማን ቤት ኖረች? ባርያ ነበረች ወይስ አልነበረችም? ከዌስሊ ጋር በሕግ ተጋብተዋል ወይስ እንዲሁ ነው? ወረቀት አትላክልኝ፤ ዙሪያውን አትዙርብኝ። አዎ ወይም አይደለም በል።

መልስህ እስኪደርሰኝ ቃል ኪዳን እንዳታስር። ብታስር የእኔ ደጅ ለአንተም ዝግ ነው።

አባትህ
ሀብተ ጊዮርጊስ


ኦክላንድ፣ መጋቢት 20 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ስለቀደድኩት፣ በዚህኛው የሚያስቀይም ቃል ቢያገኙ ከቀደድኳቸው የተሻለ መሆኑን ይወቁልኝ።

አራት ጥያቄ ጠይቀዋል። አባባ፣ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ከእርስዎ በፊት የጠየቀ ሰው አለ። ወረቀት አትላክ ቢሉኝም ወረቀቱ መጥቷልና እልከዋለሁ። በ1891 ዓ.ም. የኮሚሽኑ መርማሪ በድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የጠየቀውና የወይዘሮ ሰሊና እናት የመለሱት ይኸው ነው። እኔ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

«ስምሽ ማን ነው?»
«ሃና።»
«እናትሽ ባርያ ነበረች?»
«አዎ፣ ጌታዬ።»
«የማን?»
«የአንድ ቾክቶ ሰው።»
«አንቺስ?»
«ነጻ ስንወጣ ሕፃን ነበርኩ።»
«ይህች ልጅ የማን ናት?»
«የእኔና የዌስሊ። ዌስሊ ቾክቶ ነው። ውጭ ቆሟል፤ ይጥሩት።»
«ከእሱ ጋር በሕግ ተጋብታችኋል?»
«አብረን ነው የምንኖረው። ሰው ሁሉ ያውቃል።»
«በሕግ ተጋብታችኋል ወይ ነው የምልሽ።»
«ወረቀት የለንም። እሱን ይጥሩት፣ ይነግርዎታል።»
«በቃሽ፤ ውጪ።»

በዚህ አበቃ። ከሥሩ እናትና ልጅ «ነጻ የወጡ ባርያዎች» በተባለው መዝገብ እንዲገቡ ተጻፈ። ሁለት ዓይነት መዝገብ ነበር። «በደም ቾክቶ» በተባለው የገባ ሰው፣ ለማነጻጸር ያህል ስምንት ጋሻ ሲያገኝ ሌላው አንድ ጋሻ እንደማለት ነው። መሬቱን ይተዉት፤ የአሥር ዓመቷ ልጅ አባቷ ከደጅ ቆሞ ሳለ አባት የላትም ተብሎ ተጻፈባት።

ወረቀቱን ይዘን ወደ ሳን ሆዜ ሄድን። ቨርና ለአያቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ወይዘሮ ሰሊና ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው። «በቃሽ፤ ውጪ» የሚለው ላይ ስትደርስ በመዳፋቸው ጠረጴዛውን መቱት።

«‘ይጥሩት’ ያለችው አለ?» አሉ።

«አለ፣ አያቴ። ሁለት ጊዜ ብላለች።»

«ጽፈውታል?»

«ጽፈውታል።»

«እየሰሙ ነው እንግዲህ ያልጠሩት» አሉ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አልሰሟት ይሆናል ስል ነበር። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ድንኳኑም ሰው በሰው ነበር። አልሰሟት ይሆናል እያልኩ ይቅር ብያቸው ነበር። አሁን ይቅርታዬን መልሼ ወስጃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ውሃ እንኳ አልጠጡም።

ወደ ኦክላንድ ስንመለስ በመኪና ውስጥ ቨርና «የአባትህ ደብዳቤ ምን ይላል? ከመጣ ጀምሮ ፊትህ ልክ አይደለም» አለችኝ። መደበቅ ሰልችቶኝ ነበርና ቃል በቃል ተርጉሜ ነገርኳት። «ኦክላንድን አልፈህ አልባኒ፣ እህቴ ቤት አድርሰኝ» አለችኝ። እህቷ ቤት በር ላይ እንዳቆምኩ እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ ይህን ማመልከቻ ስትፈልግ የነበረው ለአያቴ መስሎኝ ነበር። ለካ ሃናን በዌስሊ ልትሸፍናት ነው።» ቀለበቱን አውልቃ መቀመጫው ላይ ትታው ወረደች። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነ፤ ስልክ ስደውል እህቷ ናት የምታነሣው።

አዎ፣ ስሟን ዘልያለሁ። እሷ ያለችው እውነት ነው፤ እርስዎ ያሉትም እውነት ነው። ነገር ግን አባባ፣ ያ መርማሪ የጠየቀው መሬት ላለመስጠት ነው። እርስዎ ግን ምን ላለመስጠት ነው የሚጠይቁት?

አዎ ወይም አይደለም አልልም። ሃና የሰጡት መልስ በእጅዎ ነው። እዚያው ያንብቡት።

ግርማቸው


መሐል ሜዳ፣ ሰኔ 3 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለግርማቸው

ደብዳቤህን ስቀበል ልጥለው ነበር። እንዲህ ያለ አነጋገር ከልጄ አልለመድኩም። «ምን ላለመስጠት ነው የሚጠይቁት» ትለኛለህ? በማን ፊት ነው የምትናገረው? ስለዚህ ጉዳይ ገና አልጨረስኩህም።

ቢሆንም የሴትየዋን ቃል አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት።

ይህ መርማሪ ተብዬ ማነው? ዳኝነት የት ተማረ? ባለጉዳይ «ምስክሬ ውጭ ቆሟል፣ ይጠራልኝ» ብላ ሁለት ጊዜ እየጮኸች፣ «በቃሽ ውጪ» የሚል ሰው ዳኛ አይባልም። ስለ ባርነቷ ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ አባትየውን ራሱን ግን አንድም አልጠየቀ። ሰውዬው የመጣው ሊመረምር አይደለም። ፈርዶ መጥቶ ነው ወረቀት የሚያስሞላው።

እኔ በዚህ አገር የርስት ክርክር ስሰማ ነው ያረጀሁት። አንተ ትንሽ ሆነህ ደጃፋችን ላይ ባለጉዳይ ሲያድር ታይ ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም ይቆጥራል፣ በእናቱም ይቆጥራል። ሴትም ትወርሳለች፣ ወንድም ይወርሳል። አባት በሰው ፊት «ልጄ ናት» ካለ፣ ሠርግ ተደግሶ ነበር ወይ ተብሎ ልጅ አይባረርም። አባትየው በሕይወት እያለ፣ ያውም ደጅ ቆሞ! እኔ እንዲህ ብፈርድ ይግባኝ ሰሚው ፍርዴን ገልብጦ ስሜን ያዋርደው ነበር፤ ደግሞም ይገባኛል።

ለአሮጊቷ የሚከተለውን ጠይቅልኝ። አባቷ ያን ቀን ምን አደረገ? ማን አብሮት መጣ? ከዚያ በፊት በጉባኤ ልጄ ናት ብሎ ያውቃል? የአባቷ ዘመዶች እንዴት ይቀበሏት ነበር? የአባቷ እናት ማን ትባላለች? ያልተጠየቀ ምስክር ከሞተም በኋላ የሚያውቅ ሰው ሊናገርለት ይችላል። የተናገሩትን ሳታሳምር ጻፍልኝ።

ይህን ማለቴ ጋብቻውን ፈቀድኩ ማለት አይደለም። አንዱ ጉዳይ ሌላ ነው፣ ሌላውም ሌላ ነው። ለእናትህ እስካሁን አልነገርኳትም።

አባትህ


ኦክላንድ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ

ስለ አነጋገሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ጥያቄዬ ግን አልጠይቅም።

ደብዳቤዎን ይዤ ብቻዬን ወደ ሳን ሆዜ ሄድኩ። ቨርና እዚያ እንደምትሆን አላወቅሁም። አያቷ አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት። ሰላም አላለችኝም። ወይዘሮ ሰሊና «ምን ይዘህ መጣህ?» ሲሉኝ «አባቴ ዳኛ ነበሩ፤ ያን መርማሪ ተቆጥተውታል፤ እርስዎን የሚጠይቁትም አለ» አልኳቸው። «ሰባ ዓመት ዘገየ። በል ጠይቅ» አሉ። እንደነገሩኝ ተርጉሜ እጽፋለሁ።

«አባቴ ያን ቀን ሲነጋ ጋሪ ጠምዶ አመጣን። እናቱም አብራን መጥታለች። ኤላሆና ትባላለች። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አታውቅም፤ ቃሏን ልትሰጥ ነው የመጣችው። ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ዛፍ ሥር ቆመች። ስንደርስ ሁለት ድንኳን ነበር። አንዱ ለቾክቶ፣ አንዱ ለእኛ ለጥቁሮቹ። አባቴ እጄን ይዞ ወደ ቾክቶው ድንኳን ሲወስደኝ በሩ ላይ ያለው ሰው ፊቴን አየና ‘ይህች በዚያኛው ናት’ አለ። አባቴ ‘ልጄ ናት’ አለ። ሰውዬው ‘አንተ በዚህ፣ እሷ በዚያ’ አለ። እናቴ ይዛኝ ወደዚያኛው ገባች። አባቴ ከእኛ ድንኳን ውጪ ቆሞ ‘ሲጠሩኝ እገባለሁ’ ብሎ ጠበቀ። እናቱም ጠበቀች። እናቴ ስትወጣ ሮጦ ሊገባ ሲል ከለከሉት። በኋላ ለብቻው በቾክቶው ድንኳን ተመዘገበ። አባቴ በአንድ መዝገብ፣ እኔ በሌላ። ሲመሽ ያው አንድ ጋሪ ላይ ተሳፍረን፣ ያው አንድ ቤት ገባን። አያቴ ኤላሆና እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ከጎኗ ታስቀምጠኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላም አስቀመጠችኝ። ማንም መዝገብ ከዚያ ወንበር አላስነሣኝም። ይህን ለዳኛው ጻፍለት።»

ጻፍኩ። ቨርና መስኮቱን እያየች ታዳምጥ ነበር። እኔን ሳታይ፣ አያቷን እንደምትጠይቅ ሆና ጠየቀችኝ፤ «እስቲ ይህ ሰባት ቤት የሚሉት ነገር ለምንድን ነው?»

«ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው» አልኩ።

«እና አባቱ የፈሩት ምንድን ነው? የአጎቱ ልጅ እንዳልሆን ነው?»

ወይዘሮ ሰሊና ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ለመንግሥትም ጽፋ እንደነበር ያን ቀን ነው የሰማሁት። አያቷ በሕይወት እያሉ መዝገቡ እንዲታረምላቸው አመልክታለች። መልሱ ሁለት መስመር ነው። መዝገቡ በሕግ ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስም አይጨመርበትም፣ አይዛወርም። ከታች «ከሰላምታ ጋር» ይላል። ቨርና ከሁሉ ያናደዳት ሰላምታው ነው።

ስነሣ ወይዘሮ ሰሊና እጄን ያዙኝ። «ዳኛው እኔን ጠየቀኝ፤ መለስኩለት። አሁን እኔ እጠይቀዋለሁ» አሉ። ቀጥዬ የምጽፈው የእሳቸው ጥያቄ ነው፦

«የዌስሊ ልጅ መሆኔን አምነሃል። ደስ ብሎኛል። እንግዲህ ዌስሊን ተወው። አባቴ ያልታወቀ ሰው ነው እንበል። ሃና ብቻ ናት ያለችው፤ እናቷ የተሸጠች ሃና። የእሷ የልጅ ልጅ ልጅ በቤትህ ትገባለች ወይስ አትገባም? አዎ ወይም አይደለም በል።»

ቨርና ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ አየችኝና «እኔም ከዚህ ሌላ ለአባትህ የምልከው ነገር የለኝም» አለችኝ። «የሃና ልጅ ነኝ። ሌላውን ሁሉ ቢቆጥሩትም ባይቆጥሩትም የራሳቸው ጉዳይ ነው።»

አባባ፣ ቀለበቱ ከእኔ ዘንድ ነው። መልስዎን እጠብቃለሁ። መልስዎ ምንም ይሁን ምን ሄጄ ልለምናት ነው። ይህንንም አስቀድመው እንዲያውቁት እፈልጋለሁ፤ አሁን የምደብቅዎት ነገር የለም።

ግርማቸው


መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 25 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለልጄ ለግርማቸው

በመስከረም የላክኸውን ቴሌግራም ተቀብያለሁ። በኅዳር መጀመሪያ የላክኸውንም። «መልስ ይስጡ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ማንበብ አያስፈልገኝም ነበር። ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። የሚጻፍ ስላጣሁ ነው።

መጀመሪያ የልጅቷን ነገር ልናገር። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ እንዳይጋባ ነው። ከኦክላንድ የመጣች ልጅ የመንዝ ዘመድ እንደማትሆን አውቃለሁ። ስለዚህ የጠየቅሁት ሌላ ነገር ነው። ስሙን ሳልጠራ በወግ ጠቅልዬ ጠየቅሁ። ገልጣ አየችው። ተናድጃለሁ፤ ግን እውነቷን ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ልንገርህ። በኅዳር ሚካኤል ማኅበራችን አጎቴ በምትለው በአብሮ አደጌ በግራዝማች አሰግድ ቤት ነበር። ሰው በልቶ ከጠጣ በኋላ አሰግድ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ልጅህ ባርያ ሊያገባ ነው አሉ፤ ማነች? የማን ናት? በሕግ ናት ወይስ እንዲሁ?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔ በእርጋታ ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ጥያቄዎቹ የእኔ መሆናቸው ታወቀኝ። ቃል በቃል የእኔ ናቸው። በእሱ አፍ ሲመጡ እንዴት እንደሚሸቱ ሰማሁ።

ተነሣሁ። ዋንጫዬን ከእጄ አስቀመጥኩ። «ልጅቷ ስም አላት፤ ቨርና ትባላለች። ቅድመ አያቷ ሃና ትባላለች። ከዛሬ ጀምሮ ከአንተ ጋር ማኅበር አልጠጣም» ብዬው ወጣሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ነበርን። ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ዓይኑን ያዞራል፤ እኔም አዞራለሁ።

ወሬው ከእኔ በፊት ቤት ደርሶ እናትህ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። በአንተ አልተቆጣችም። በእኔ ነው። «አንድ ዓመት ሙሉ ልጄ ሥራ በዝቶበታል ስትለኝ ኖርክ?» አለችኝ። ለካ ከሁላችን በላይ የሚያስፈራው የእሷ ቁጣ ነው። አሁንም በሙሉ ቃል አታናግረኝም። ፎቶግራፏን ላክላት፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ።

የሚከተለውን ለወይዘሮ ሰሊና አንብብላቸው።

እመቤቴ ሆይ፣ አዎ ወይም አይደለም ብለው ጠይቀውኛል። በነሐሴ ጥያቄዎ ሲደርሰኝ መልሴ «አትገባም» ነበር። ይህን ብደብቅዎ ደግሞ መናቅ ይሆናል። ዛሬ መልሴ «ትገባለች» ነው። ስለ ዌስሊ ብዬ አይደለም። ስለ ሃና ነው። እኔ ዳኛ ሆኜ፣ በሕይወቴ እንዲህ አጥብቆ የጠየቀኝ ሰው የለም። ይህን የምጽፈው ደስ እያለኝ አይደለም፤ እየተናደድኩ ነው። ንዴቴ ግን በእርስዎ ላይ አይደለም።

ልጄ፣ ለአንተ የምለው ይህ ብቻ ነው። ሂድና ለምናት።

አባትህ
ሀብተ ጊዮርጊስ


ኦክላንድ፣ ጥር 6 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። አንብቤ ስጨርስ ሳልቀመጥ ወደ አልባኒ ነዳሁ። ቨርና በሩን ከፈተችልኝ፤ «አባቴ መለሱ» ከማለት ሌላ አላልኩም። ኮቷን አነሣችና «እዚህ አይነበብም» አለች። ወደ ሳን ሆዜ ሄድን።

ወይዘሮ ሰሊና ለእሳቸው የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር፤ አባባ፣ አልዋሽዎትም፣ አላለቀሱም፣ አልሳቁምም። «በነሐሴ አትገባም ብሎ ነበር?» አሉ። «እንዲያ ነው የጻፉት» አልኩ። «ስለነገረኝ እሺ» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ዳኛ ሐሳቡን ሲለውጥ በሕይወቴ ገና ማየቴ ነው። ያኛው በድንኳን የነበረው ሞቷል፤ መንግሥትም ዘግቼዋለሁ ይላል። እነሱን ይቅር አላልኩም፣ አልልምም። ይህን ግን እቀበላለሁ» አሉኝ። ቁጣቸው አልበረደም። እንዲበርድ የመጠየቅ መብት ያለው ሰውም አይታየኝም።

ከዚያ ወደ ቨርና ዞረው «አንቺስ?» አሏት።

ቨርና የቀረውን ደብዳቤ አስነበበችኝና ስለ አጎቴ አሰግድ ጠየቀችኝ። አብራችሁ ያደጋችሁ መሆኑን፣ አሁን ዓይን ለዓይን እንደማትተያዩ ነገርኳት። «ለእኔ ብሎ ጓደኛውን እንዲያጣ አልጠየቅሁትም» አለች። «አያውቀኝም እኮ። አንድ ቀን እንኳ አይቶኝ አያውቅም።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበር፤ ግን የማላውቀው ዓይነት ቁጣ ነው። እጇን ዘረጋችልኝ። ቀለበቱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ በኦክላንድ ማዘጋጃ ቤት ተፈራረምን። ወይዘሮ ሰሊና በልጃቸው ተደግፈው መጥተው ምስክር ሆነው ፈረሙ። ጸሐፊዋ «እዚህ ላይ ሙሉ ስም» ስትላቸው የራሳቸውን ጻፉና ብዕሩን ሳይመልሱ «የሃናና የዌስሊ ልጅ» ብለው ጨመሩበት። ጸሐፊዋ «ይህ አያስፈልግም» አለቻቸው። «ለአንቺ አያስፈልግም» አሏትና ወረቀቱን መለሱላት።

በመጪው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በሰኔ መጨረሻ ወደ እናንተ እንመጣለን። ለእማማ ትርፌ ፎቶግራፉ በዚህ ፖስታ ውስጥ ነው። ለእርስዎም ቨርና አንድ መልእክት አላት፤ ሳላሳምር ጻፍልኝ ብላኛለች።

«አስታራቂ ሽማግሌ እንዳይሰበስብልኝ። ግራዝማች አሰግድንም በእኔ ስም እንዳያስጠራ፤ ከፈለገ ራሱ ይምጣ። ስለ እኔ ለጎረቤት የሚያስረዳው ነገር የለም፤ እኔ ጉዳይ አይደለሁም። እዚያ ስደርስ ደክሞኝ ነው የምደርሰው። በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀኝ ነገር ካለ፣ ‘መንገዱ እንዴት ነበር?’ ብሎ ይጠይቀኝ። እሱን በደስታ እመልስለታለሁ።»

ልጅዎ
ግርማቸው